ስለ ቀይዋ ነጥብ፦ ያገለገለ ስልክ ገበያን በተመለከተ ለሐዋሳ ከተማ የንግድ ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለሐዋሳ ከተማ የንግድ ሥራን ለሚቆጣጠረው ጽሕፈት ቤት፣
ያገለገለ ስልክ ለምትገዙና ለምትሸጡ ነጋዴዎችና ደላሎች፣
ለሙያ ባልደረቦቼ ለሞባይል ጠጋኞች፣
ስልክ ለመግዛት ብር ለምታጠራቅሙ የከተማችን ነዋሪዎች፣

የተከበራችሁ፣

በመናኸሪያው አካባቢ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሞባይል የምጠግን የሐዋሳ ነዋሪ ነኝ። ስሜን ያልጻፍኩት ፈርቼ አይደለም። የማወራው ስለ አንድ ሱቅ ሳይሆን ስለ አንድ ልማድ ነው፤ ስሜ ከታወቀ ግን አንባቢው ልማዱን ትቶ «ይኼ ስለ እገሌ ነው» እያለ ጎረቤቶቼን መቁጠር ይጀምራል። ጎረቤቶቼን ነገም እፈልጋቸዋለሁ።

ጉዳዩ ከምስር ፍሬ ስለማትበልጥ አንዲት ወረቀት ነው። ይህች ወረቀት በገበያችን ዋጋ ትቆርጣለች፣ ዋስትና ትሰርዛለች፣ ገዢንና ሻጭን ጣቢያ ድረስ ታካስሳለች። ለማያውቋት ላስተዋውቃት። አብዛኞቹ የታወቁ አምራቾች ስልኩን ሲገጣጥሙ ውስጡ ነጥብ የምታህል ነጭ ተለጣፊ ያኖራሉ። ውኃ ሲነካት ትቀላለች፤ ብትደርቅም ወደ ነጭነቷ አትመለስም። በአይፎን ከአይፎን 5 ወዲህ የሲም ካርዱ መሳቢያ በሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ ትገኛለች፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ስልኮች በጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳና በቻርጀሩ ማስገቢያ ውስጥ ነበረች። ሳምሰንግም በብዙ ሞዴሎቹ ከሲም መሳቢያው ጀርባ ያስቀምጣታል፤ ክዳናቸው በጥፍር ይከፈት በነበሩት የቀድሞ ስልኮቹ ደግሞ ባትሪው ሲነሣ ትታያለች። ነጋዴው መሳቢያውን በመርፌ ያወጣል፣ በሌላ ስልክ መብራት ያበራል፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል። ነጭ ከሆነች «ንጹሕ ነው»፤ ከቀላች «ውኃ ገብቶበታል»። ፍርዱ ከዚህ በላይ ጊዜ አይወስድም፤ ይግባኝም የለውም።

ወረቀቷ ግን የምትመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ እርሷ በተለጠፈችበት ቦታ ላይ ውኃ ደርሶ ያውቃል ወይስ አያውቅም? ውኃው መቼ እንደደረሰ፣ ምን ያህል እንደነበር፣ ቦርዱን፣ ማለትም የስልኩን ዋና የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ነክቶ ይሁን ሳይነካ፣ ከነካም በወቅቱ ታጥቦ ይሁን ሳይታጠብ አትናገርም። አምራቾቹ ራሳቸው በዚህች ወረቀት ተከስሰውባታል። አፕል ወረቀቷ ቀልታለች እያለ የመጀመሪያዎቹን አይፎኖችና አይፖዶች በዋስትና አልጠግንም በማለቱ በአሜሪካ የጋራ ክስ ቀርቦበት፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ጉዳዩን በ53 ሚሊዮን ዶላር በስምምነት ጨርሷል። በዚያ ክርክር ወረቀቷን የሚያመርተው ስሪ ኤም የተባለው ኩባንያ፣ ውኃ ሳይነካት በአየር እርጥበት ብቻም መቅላት ልትጀምር እንደምትችል መናገሩ ተጠቅሷል። አፕል ዛሬ የሚጠቀምባት ምልክት በተለመደ የአየር እርጥበትና የሙቀት ለውጥ እንደማትቀላ ይናገራል። ይሁን። በእኛ ገበያ ግን ዛሬም የሚዞሩት ብዙዎቹ ስልኮች አዲስ አይደሉም፤ ኪስ ውስጥ ላብ የጠገቡ፣ ቡና እየተፈላ በእንፋሎቱ አጠገብ የተቀመጡ፣ በክረምት ዝናብ ደጅ ላይ ሲም የተቀየረባቸው ናቸው።

ሲም መቀየር ስል አንድ ሰው ትዝ ይለኛል። የባጃጅ ሹፌር ነው። አንድ ሲም ብቻ በሚይዝ ስልኩ የኢትዮ ቴሌኮምና የሳፋሪኮም ካርዶችን እያፈራረቀ ይጠቀማል፤ ጥቅሉ በየትኛው ከረከሰ ያንን ያስገባል። ለባጃጁ ጎማ መግዣ ሲቸገር ስልኩን ሊሸጥ ወደ አንድ ሱቅ ወሰደው። ነጥቧ ቀልታለች። ነጋዴው ከተስማሙበት ዋጋ ሲሶውን ቀነሰ። ሹፌሩ «ውኃ ውስጥ ገብቶ አያውቅም» ብሎ ወደ እኔ አመጣው። ከፈትኩት። አይፎን ውስጥ በቦርዱና በማገናኛዎቹ አጠገብ የተለጠፉ ሌሎች ተመሳሳይ ምልክቶችም አሉ፤ ሁሉም ነጭ ናቸው። ቦርዱ ላይ አንድም የዝገት ምልክት የለም፤ ብሎኖቹ ያብረቀርቃሉ። የሆነው ግልጽ ነው፤ በዝናብ መሳቢያውን ሲያወጣ አንዲት ጠብታ በቀጥታ ወረቀቷ ላይ አርፋለች። ይህንኑ ለነጋዴው ነገርኩት። መልሱ አጭር ነበር፤ «አንተ ቦርዱን ታያለህ፣ የእኔ ገዢ ግን የሚያየው ነጥቧን ነው።»

ነጋዴው አልዋሸም፤ ገዢው በእርግጥ ነጥቧን ነው የሚያየው። ሹፌሩም ችግር ላይ ስለነበር በተቀነሰው ዋጋ ሸጠ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያው ስልክ መስታወት ውስጥ ተደርድሮ አየሁት፤ መሳቢያው ሲወጣ ነጥቧ ነጭ ሆናለች፤ ዋጋውም የንጹሕ ስልክ ዋጋ ነው። ከሹፌሩ የተቀነሰው ሲሶ ወደ ገዢው አላለፈም፤ መካከል ላይ ቀረ።

ምስጢሩ ይኸው ነው። ተለጣፊዋ እንደ ማንኛውም መለዋወጫ በርካሽ ትሸጣለች፤ ወረንጦና የተረጋጋ እጅ ያለው ሰው አሮጌዋን አንሥቶ አዲስ ይለጥፋል። ወደ እኔ ሱቅም «ነጥቧን ብቻ ቀይርልኝ» የሚሉ ደንበኞች ይመጣሉ፤ ከሚጠይቁኝ ሥራዎች ሁሉ ይህን ያህል ቀላልና ይህን ያህል የሚያሳፍር የለም። ስለዚህ በገበያችን ቀይ ነጥብ ጥቅም ላይ የምትውለው ስልኩ ወደ ሱቅ ሲገባ ነው፤ ሲወጣ ነጭ ትሆናለች። ዋጋ ለማውረድ ምስክር ናት፣ ዋጋ ለመስቀል ደግሞ ምስክርነቷን ትቀይራለች። እንዲህ ያለውን ምስክር የትኛውም ዳኛ ፊት ብታቆሙት በመጀመሪያው ጥያቄ ይባረራል።

የባሰው በሌላ አቅጣጫ ያለው ነው። ሹፌሩ የደረሰበት ኪሳራ ነው፤ ቆጥሮት ይረሳዋል። በኢንዱስትሪ ፓርኩ የምትሠራ አንዲት እህታችን ግን ከደመወዟ እያጠራቀመች የገዛችው ስልክ ነጥቡ ነጭ ነበር፤ አይታ፣ አብርታ፣ ጓደኛዋንም አሳይታ ነው የገዛችው። ከሳምንታት በኋላ ቻርጅ ማድረግ አስቸገረ፣ ቀጥሎ ሥራ ላይ ሳይሆን እየሞቀ ባትሪ ይጨርስ ጀመር፣ በመጨረሻ ጨርሶ ጠፋ። ስከፍተው በቻርጀሩ መስመር ዙሪያ አረንጓዴ ዝገት፣ በብረት ሽፋኖቹ ጠርዝ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር አገኘሁ። የሲም መሳቢያው ብረት ራሱ ዝጓል፤ ነጯ ወረቀት የተለጠፈችው በዝገቱ ላይ ነው። ወደ ሻጩ ስትመለስ «እህቴ፣ እኔ ስሸጥልሽ ነጭ ነበረች፤ ውኃውን ያስገባሽው አንቺ ነሽ» አላት። ያቺው የተቀየረች ወረቀት መጀመሪያ እንድትገዛ አሳመነቻት፣ በኋላ ደግሞ ጥፋተኛ አደረገቻት። በእጇ ደረሰኝ የለም፤ ስልኩን በተረከበችበት ቀን የተጻፈ አንዲት መስመርም የለም። የሱቆቹ ጎረቤቶች ተሰብስበው ሊያስታርቁ ሞከሩ፤ ሽማግሌ ግን የሚዳኘው የተባለውንና የታየውን ይዞ ነው፤ ሁለቱም ያዩት ነጭ ነጥብ ነው።

ስልኩ ለምን ወዲያው እንዳልሞተ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፤ የዚህ ሁሉ ጠብ ሥር ያለው እዚያ ስለሆነ ትንሽ ላቆያችሁ። ውኃ ብቻውን ስልክ አይገድልም። የሚገድለው በውኃው ውስጥ የሟሟው ጨውና ማዕድን፣ ከባትሪው ኤሌክትሪክ ጋር ሲገናኝ ነው። ስልክ ቢጠፋም ባትሪው ከቦርዱ እስካልተለየ ድረስ አንዳንድ መስመሮች ላይ ኤሌክትሪክ አለ። እርጥበቱ በሁለት መስመሮች መካከል ድልድይ ሲሠራ፣ ኤሌክትሪኩ ከአንዱ ወገን መዳቡን እየበላ ወደ ሌላው ይወስደዋል። የሚበላው መስመር ይቀጥናል፣ በመካከሉ የሚከማቸው ዝገት ደግሞ ሁለቱን ያገናኛል። ውኃው ከደረቀ በኋላም ጨው ይቀራል፤ ጨው ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ሥራው እንደገና ይጀምራል። ለዚህ ነው ውኃ የገባበት ስልክ ዛሬ ሠርቶ ከሳምንት ወይም ከወራት በኋላ የሚሞተው። ለዚህም ነው «ሠርቷል፣ ድኗል» የሚባለው የመጀመሪያው ቀን ምንም የማያረጋግጠው። ለስላሳ መጠጥ፣ ቢራና ስኳር የገባበት ቡና ከንጹሕ ውኃ የከፉ ናቸው።

የእኛ ከተማ ደግሞ ሐይቅ ዳር ናት። አሞራ ገደል ዓሣ ሲበላ፣ ጀልባ ላይ ፎቶ ሲነሣ፣ በበዓል ቀን በሐይቁ ዳር ሲታለፍ ስንት ስልክ ውኃ እንደሚነካው ሱቄ ሰኞ ጠዋት ይነግረኛል። የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚፈስ መውጫ የለውም፤ ጥቁር ውኃ ይገባበታል፣ ውኃው ይተናል፣ ማዕድኑ ይቀራል። እንደ ሻላ የበረታ አይደለም፣ ዓሣውም ይመሰክራል፤ ግን አምራቾች ስልካቸውን የሚፈትኑበት ንጹሕ ውኃም አይደለም።

ይህን ያነሣሁት ከሱቅ ሱቅ የምሰማት አንዲት ቃል ስላለች ነው፤ «ይኼ እኮ አይፒ68 ነው፣ ውኃ አይገባውም»። አይፒ68 በቤተ ሙከራ፣ በአዲስ ስልክ፣ በረጋ ንጹሕ ውኃ ተፈትኖ የተሰጠ የውኃ መከላከያ ደረጃ ነው። አይፎን 12 በ6 ሜትር ጥልቀት ለ30 ደቂቃ ተፈትኗል፤ ጋላክሲ ኤስ7 ደግሞ በ1.5 ሜትር ለ30 ደቂቃ። ስልኩ ሲወድቅ፣ ሲያረጅ፣ በተለይም ስክሪኑ ሲቀየር መከላከያው ይላላል፤ ክፍተቱን የዘጋው ማጣበቂያ አንድ ጊዜ ከተከፈተ የፋብሪካው ደረጃ የለም። አምራቾቹም መከላከያው ዘላቂ እንዳልሆነ በጽሑፋቸው ይናገራሉ፤ በማስታወቂያቸው ግን ሌላ ይመስላሉ። የጣሊያን የገበያ ውድድር ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2020 አፕልን 10 ሚሊዮን ዩሮ የቀጣው፣ የአውስትራሊያ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2022 ሳምሰንግን 14 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ያስከፈለው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለት ጊዜ ስክሪኑ የተቀየረ ስልክ ይዞ «ውኃ አይገባውም» የሚል የእኛ ደላላ ግን እስከ ዛሬ ማንም አልጠየቀውም።

አሁን ወደ ጽሕፈት ቤታችሁ ልመለስ። አዲስ ሕግ አውጡ አልልም፤ ሕጉ አለ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል፤ ነጋዴው ደረሰኝ እንዲሰጥ ያዛል፤ ጉድለት ያለበትን ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ከዚያም በፊት በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን፣ ገዢም ዕቃውን ሳይዘገይ እንዲመረምር ያዝዛል። የጎደለው በስልክ ሱቁ ጠረጴዛ ላይ ይህን ሕግ የሚያሠራ ወረቀት ነው። ስልኩ በተሸጠበት ደቂቃ ምን እንደነበረ ያልተጻፈ ከሆነ፣ ከአሥር ቀን በኋላ የሚደረግ ምርመራ ሁሉ መርፌውን ለያዘው ያደላል። መርፌውን የሚይዘው ደግሞ ሁልጊዜ ሱቁ ነው።

የምጠይቀው ግማሽ ገጽ ነው። ያገለገለ ስልክ የሚሸጥ ፈቃድ ያለው ሱቅ ሁሉ ከደረሰኙ ጋር የሚያያይዘው አንድ ቅጽ ይኑር። በቅጹ ላይ የስልኩ ሞዴልና *#06# ሲደወል የሚወጣው የመለያ ቁጥር ይጻፍ። የውኃ ምልክቷ በሽያጩ ሰዓት ነጭ፣ ቀይ ወይም የሌለች መሆኗ ይጻፍ፤ ሁለቱም ወገኖች በየስልካቸው ፎቶ ያንሷት። ስልኩ ተከፍቶ ያውቃል ወይ፣ ስክሪን፣ ባትሪ ወይም ሌላ ነገር ተቀይሮለታል ወይ፣ ሻጩ እስከሚያውቀው ድረስ ውኃ ገብቶበታል ወይ የሚሉ ጥያቄዎች መልስ ያግኙ። «አላውቅም» ማለትም መልስ ነው፤ ገዢው «አላውቅም» የተጻፈበትን ስልክ ዋጋ ራሱ ያውቅበታል። በመጨረሻ ሻጩ የሚሰጠው የሙከራ ቀን ቁጥሩ ይጻፍ። ከሰው ላይ ስልክ የሚገዛ ሱቅም ያንኑ ቅጽ ለሸጠለት ሰው ይሙላ፤ ያ ባጃጅ ሹፌር ቅጽ ቢኖረው ኖሮ፣ ቀይ ተብሎ የገባው ስልክ ነጭ ተብሎ ሲወጣ ቢያንስ ሁለት ወረቀቶች እርስ በርስ ይጋጩ ነበር።

ተለጣፊዋን መቀየር ጨርሶ ይከልከል ማለቴ አይደለም። ውኃ የገባበትን ስልክ ከፍቶ፣ አጥቦ፣ የተጎዳውን ጠግኖ አዲስ ምልክት የሚለጥፍ ጠጋኝ ትክክለኛ ሥራ ሠርቷል፤ ቀጣዩ ውኃ ሲገባ እንዲታወቅ ይጠቅማል። ግን ይህን በወረቀት ያስፍረው። ያለ ጥገናና ያለ ጽሑፍ ወረቀት ብቻ ነጭ ማድረግ ግን የኪሎሜትር ቆጣሪ ወደ ኋላ ከመመለስ አይለይም፤ ጽሕፈት ቤቱ በዚያው ዓይን እንዲያየው እጠይቃለሁ።

ሌላው፣ ዋጋ የሚቀንሰው ሱቅ ብቻውን መርማሪ አይሁን። ነጥቧ ቀልታ ዋጋ ሊቀነስበት የሆነ ሰው ስልኩን ወደ ሌላ ፈቃድ ያለው ጠጋኝ ወስዶ የማስመርመር መብት እንዳለው በሱቁ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። የምርመራውን ክፍያ የጠየቀው ወገን ይክፈል። ጠጋኙም «ደህና ነው» ብሎ በአፉ አይሸኘው፤ ያየውን ጽፎ ማኅተሙን ያሳርፍ።

የነጋዴዎችን መልስ አስቀድሜ ሰምቼዋለሁ፤ ከግማሾቹ ጋር ቡና ጠጥተን ተከራክረንበታል። «ወረቀት ሲበዛ ገዢ ይሸሻል» ይላሉ። «ውኃ ነክቶታል ብለን ከጻፍን ማን ይገዛናል?» ይላሉ። ዋጋውማ ዛሬም ይወርዳል፤ ልዩነቱ የሚወርድበት ሰው ብቻ ነው፤ ዛሬ የሚወርደው በመጀመሪያው ሻጭና በመጨረሻው ገዢ ላይ ነው። ደግሞም እናንተ ራሳችሁ ስንት ጊዜ ተበልታችኋል? እሑድ ሐይቅ ዳር ስልኩን ውኃ ውስጥ ጥሎ ሰኞ «የሸጥክልኝ ስልክ አልሠራ አለ» እያለ ከወንድሞቹ ጋር የሚመጣውን ጎረምሳ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከሰው በነጭ ነጥብ ገዝታችሁ ቦርዱ የበሰበሰ ስልክ ያቀፋችሁበት ቀንም አለ። በሽያጩ ቀን የተነሣች ፎቶና ፊርማ ከዚህ ጎረምሳ የምትጠብቀው እናንተን ነው። ታጥቦ የዳነ ስልክም «ውኃ ነክቶት የተጠገነ» ተብሎ በራሱ ዋጋ ቢሸጥ የሚገዛ አያጣም፤ የሁለት ዓመት አገልግሎት የሚፈልግ ተማሪ ከውሸት ንጹሕነት ይልቅ እውነተኛ ቅናሽ ይመርጣል።

ገዢዎች ሆይ፣ ቅጹ እስኪመጣ ድረስ ነጥቧን ተመልከቱ፣ ግን በእርሷ አትቁሙ። ከነጥቧ ይልቅ ዙሪያዋን እዩ፤ በነጭ ወረቀት አጠገብ የዛገ ብረት፣ የጠቆረ የሲም መሳቢያ፣ የተፋቀ ብሎን ካለ ነጭነቷን አትመኑ። የካሜራውን መስታወት በብርሃን ፊት አዙሩት፤ ውስጡ ጉም ወይም የደረቀ የውኃ ጠርዝ ከታየ ነገሩ አልቋል። በፊት መለያ የሚከፈት አይፎን ከሆነ የራሳችሁን ፊት አስመዝግቡበትና ሞክሩት፤ ስናወራ ጆሯችን ላይ ከምናደርገው ድምፅ ማውጫ በኩል ውኃ ሲገባ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሞተው የፊት መለያው ነው። አይኦኤስ 15.2 ወይም ከዚያ ወዲህ የወጣ የአይፎን ሶፍትዌር የተጫነባቸው አዳዲስ አይፎኖች የተቀየሩ ክፍሎችን በቅንብር ገጻቸው ላይ ያሳያሉ። ሳምሰንግ ከሆነ በብዙ ሞዴሎቹ *#0*# ሲጻፍ የመፈተሻ ገጽ ይከፈታል፤ ቀለማቱን፣ ንክኪውን፣ ድምፁን አንድ በአንድ አስኬዱት። ቻርጀር ሰክታችሁ ቡና እስክትጠጡ አቆዩት፤ ያለ ሥራ የሚግል ስልክ ምክንያት አለው።

አንድ ደስ የምትለኝ ፈተናም አለች። የአየር ግፊት መለኪያ ያላቸው ስልኮች ላይ ግፊቱን የሚያሳይ መተግበሪያ ክፈቱና ስክሪኑን በሁለት አውራ ጣት ጠበቅ አድርጋችሁ ጫኑት፤ አትስበሩት እንጂ። ስልኩ በደንብ የተዘጋ ከሆነ ውስጡ ያለው አየር ስለሚታፈን ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ክፍተት ካለው እምብዛም አይንቀሳቀስም። ይህ ውኃ ገብቶ እንደነበር አይነግራችሁም፤ ነገ ውኃ ሊገባ እንደሚችል፣ «አይፒ68 ነው» የሚለውም ሰው የሚያወራውን እንደማያውቅ ይነግራችኋል። ስልኩን ካልከፈትኩ የሚል ጠጋኝ ቢያጋጥማችሁ ግን መከፈቱ ራሱ መዝጊያውን እንደሚያላላ አትርሱ፤ የውጭ ምልክቶቹ ካላጠራጠሩ መክፈት አያስፈልግም።

ለሙያ ባልደረቦቼ የምለው ጥቂት ነው። ሩዝ ውስጥ ቅበሩት ማለት ይቅር፤ አፕልም እ.ኤ.አ. በ2024 በግልጽ አትቅበሩ ብሏል፤ ብናኙ ይገባል፣ ጨውን ግን ሩዝ አያወጣውም። በቲነር አብሶ «አጥቤዋለሁ» ማለትም ይቅር። ባትሪውን ለዩ፣ የብረት ሽፋኖቹን አንሡ፣ በንጹሕ አይሶፕሮፒል አልኮል እጠቡ፣ አልትራሶኒክ፣ ማለትም በድምፅ ሞገድ የሚያጥብ ማሽን፣ ያላችሁ ተጠቀሙበት፣ ሳትቸኩሉ አድርቁ። ያበጠ ባትሪ መልሳችሁ አትግጠሙ። ነጥብ ብቻ ቀይሩልን ለሚሏችሁ ደግሞ «ቅጹን አምጣ» በሏቸው።

የተከበራችሁ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎች፣ ቅጹን በአማርኛ ነድፌዋለሁ፤ አንድ ወዳጄ ወደ ሲዳምኛ መልሶታል። ሁለቱንም በአካል ላቀርብ እችላለሁ። ከተማውን ሁሉ በአንድ ቀን አታስገድዱ፤ የስልክ ሱቆች ከሚበዙባቸው መንገዶች በአንዱ ይጀመር፣ ነጋዴዎቹም በረቂቁ ላይ የመሰላቸውን ይቀንሱ፣ ይጨምሩ። ጊዜ ምረጥ ካላችሁኝ ከሐምሌ 19 የቅዱስ ገብርኤል በዓል በፊት ቢሆን እመርጣለሁ፤ እንግዳው ይበዛል፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ ስልክም በብዛት ይሸጣል። ለስብሰባ ብትጠሩኝ ከቅጹ ጋር ሁለት ነጥቦች ይዤ እመጣለሁ፤ አንዷ ከፋብሪካ የወጣች፣ ሌላዋ የተቀየረች። ከመካከላችሁ ለይቶ የሚያውቅ ካለ ቅጹ አያስፈልግም እላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሞባይል ጠጋኝ
ሐዋሳ